በኤልበ ወንዝ ዳር፤ የሉኾ-ዳነንበርግ አውራጃ ታሪክ

በሰሜናዊው የጀርመን አገር፣ ታችኛው ሳክሶንያ የሚባለው ክፍለ ሀገር በምሥራቅ በኩል በሚያበቃበት ስፍራ፣ ሉኾ-ዳነንበርግ የሚባል አንድ አውራጃ አለ፤ ነዋሪዎቹም ሆኑ ጎረቤቶቹ ግን ይህን በመዝገብ የሰፈረ ረጅም ስም ትተው የቬንዶች አገር፣ ቬንድላንድ፣ እያሉ ይጠሩታል። ስፋቱ 1,220 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ሕዝቡ 50,000 ስለማይሞላ፣ በጀርመን ካሉት የገጠር አውራጃዎች ሁሉ ሰው የሚያንስበት ይኸው ነው። በሰሜን ከመክለንቡርግ፣ በምሥራቅ ከብራንደንቡርግ፣ በደቡብ ከሳክሶንያ-አንሃልት ጋራ ይዋሰናልና፣ ከአራቱ ማዕዘን ሦስቱ ወሰን ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በርእሰ ከተማ ተቀምጦ ካርታ ለሚመለከት ሹም እንዲህ ያለው ስፍራ አገሩ የሚያልቅበት ዳርቻ ብቻ ነው፤ የአውራጃውን ዜና መዋዕል ረጋ ብሎ ለሚመረምር ሰው ግን፣ ዳር ነው ተብሎ የተተወው ምድር በሌላው ዘንድ የጠፋውን ልሳን፣ የመንደር ሥርዓትና ፍጥረት ለብዙ ዘመን ጠብቆ ማቆየቱ፣ ደግሞም ዳር በመሆኑ ብቻ ሌላው የማይፈልገውን ሸክም እንዲሸከም መታዘዙ ይገለጥለታል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምድሩ አቀማመጥ ባብዛኛው ሜዳ ነው። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ታላቁ የኤልበ ወንዝ ከቦሄምያ ተራሮች ተነሥቶ ወደ ሐምቡርግ ሲወርድ ድንበሩን ይዞ ያልፋል፤ ከደቡብ የሚመጣው የትሰል የሚባለው ትንሽ ወንዝ ሉኾንና ዳነንበርግን አቋርጦ በሂትሳከር ከተማ አጠገብ ከኤልበ ይገናኛል። በምዕራብ ድራቬን የሚባል አሸዋማና ዝቅተኛ የኮረብታ ሰንሰለት ተዘርግቷል፤ በሰሜን ምዕራቡ ጎህርደ የሚባለው ጥቅጥቅ ያለ ደን ይገኛል፤ በምሥራቅ ደግሞ ሆህቤክ የሚባል ብቸኛ ኮረብታ ከወንዙ ሸለቆ ላይ ድንገት ብድግ ብሎ ይታያል። አፈሩ በአንድ በኩል አሸዋ፣ በሌላው በኩል ረግረግ ስለ ሆነ ገበሬው ከጥንት ጀምሮ የኖረው በብዙ ድካም ነው፤ የኤልበም ውሃ በየጊዜው ግድቡን እየጣሰ ማሳውን ያጥለቀልቅ ነበር። በዘመናችን እንኳ በ2002፣ በ2006 እና በ2013 የደረሰው ሙላት እጅግ የበረታ ስለ ነበረ፣ በውሃ መካከል እንደ ደሴት የተሠራችው የሂትሳከር አሮጌ ከተማ የመከላከያ ግንብ እስኪሠራላት ድረስ ቤቶቿ በተደጋጋሚ በውሃ ተውጠዋል።

ይህ ምድር ወሰን መሆን የጀመረው ዛሬ አይደለም። በዘመነ ታላቁ ካርል፣ የፍራንኮች መንግሥት ሳክሶኖችን ድል አድርጎ እስከ ኤልበ በደረሰ ጊዜ፣ ከወንዙ ማዶ የስላቭ ነገዶች ይኖሩ ነበርና፣ ንጉሠ ነገሥቱ በወንዙ ዳር ምሽግ አሠራ። የፍራንኮች ዜና መዋዕል እንደሚናገረው ሆህቡኦኪ የተባለውን ይህን ምሽግ ቪልሶች የሚባሉት ስላቮች በ810 ወግተው ያዙት፤ በሚቀጥለው ዓመትም እንደገና ታነጸ። ብዙዎቹ የታሪክ ሊቃውንት ምሽጉ በሆህቤክ ኮረብታ ላይ እንደ ነበረ ይናገራሉ፤ ከኮረብታው አፋፍ ላይ ቆሞ ወንዙን ቁልቁል ለሚመለከት ሰውም፣ የጦር አለቃ ጠባቂ ሊያቆምበት የሚመርጠው ስፍራ እርሱ መሆኑን ለማወቅ ማስረጃ አያስፈልገውም። ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ፣ ጀርመን ለሁለት ተከፍላ በነበረችበት ዘመን፣ በዚያው ኮረብታ ላይ በምሥራቁ መንግሥት ግዛት ተከባ ከነበረችው ከምዕራብ በርሊን ጋራ የስልክ ግንኙነት የሚያደርጉ ረጃጅም የራዲዮ ምሰሶዎች ተተከሉ፤ ከእነርሱም አንዱ 344 ሜትር ቁመት የነበረው ሲሆን፣ በ2009 ፈርሷል።

በ12ኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ፣ አንበሳ የሚል ቅጽል የተሰጠው የሳክሶንያ መስፍን ሃይንሪክ ግዛቱን ወደ ምሥራቅ ባሰፋ ጊዜ፣ በዳነንበርግና በሉኾ ግራፍ የሚባሉ መኳንንት ተሾሙ። የዳነንበርግ ስም በአውሮጳ ቤተ መንግሥቶች ሁሉ የተሰማው ግን በ1223 ነው፤ ይኸውም የሽቬሪን ግራፍ ሃይንሪክ የዴንማርክን ንጉሥ ዳግማዊ ቫልደማርን ለአደን በሄደበት ደሴት ላይ በሌሊት ከልጁ ጋራ ማርኮ ወደ ጀርመን ባመጣው ጊዜ፣ ንጉሡ ከታሰረባቸው ስፍራዎች አንዱ የዳነንበርግ ግንብ ስለ ነበረ ነው። ንጉሡ የተፈታው ከሁለት ዓመት በላይ ታስሮ፣ 45,000 ማርክ ብር ቤዛ እንዲከፈል ከተስማማ በኋላ ሲሆን፣ ከጡብ የተሠራው ክብ ግንብም እስከ ዛሬ ድረስ በስሙ የቫልደማር ግንብ ይባላል። የዴንማርክ ኃይል በሰሜን ጀርመን የተሰበረው ከዚህ በኋላ ስለ ሆነ፣ ይህች ትንሽ ከተማ በትልልቆቹ መንግሥታት ታሪክ ውስጥ ድርሻ አላት። ግራፎቹም እንደ ዘመኑ ልማድ ብዙ አልቆዩም፤ ዳነንበርግ በ1303፣ ሉኾም በ1320 በብራውንሽቫይግ-ሉነቡርግ መሳፍንት እጅ ገቡ።

ገዥዎቹ እንዲህ ሲፈራረቁ፣ በምድሩ ላይ ያለው ሕዝብ ግን ያው የጥንቱ ስላቭ፣ ጀርመኖች ቬንድ የሚሉት ነገድ ነበር። የዚህ ሕዝብ ዋነኛ ምልክት መንደሩ ነው። እንደ ሳተሚን፣ ሉበልንና ሽራያን ባሉት መንደሮች የሚገባው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ መንገዱም በክብ ሜዳ ላይ ያልቃል፤ በሜዳው ዙሪያ ገበሬዎቹ ቤታቸውን የሠሩት የሁሉም ፊት ወደ መካከሉ እንዲመለከት አድርገው ነው። እያንዳንዱ ቤት ሰፊ፣ ረጅምና ጣራው ቁልቁል የወረደ ሲሆን፣ ግድግዳው የኦክ እንጨት እየተጋጠመ በመካከሉ ጡብ ወይም ጭቃ የተሞላበት ነው፤ በፊት ለፊቱም ድርቆሽ የተጫነ ጋሪ ከነፈረሱ የሚያስገባ ትልቅ በር አለው። ሰውም፣ ከብትም፣ እህልም በአንድ ጣራ ሥር ያድሩ ነበር። ከበሩ በላይ ባለው አግዳሚ እንጨት ላይ ቤቱን ያሠሩት የባልና የሚስት ስም፣ የተሠራበት ዓመትና ከመጽሐፍ ቅዱስ ወይም ከመዝሙር የተወሰደ ቃል በፊደል ተቀርጾ ይነበባል፤ በአንዳንዱ ላይ እሳት እንዳይደርስበት ለእግዚአብሔር የቀረበ ልመና ይገኛል፤ ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የሉኾ ከተማ እንኳ በ1811 በእሳት ወድማ፣ ከቤተ መንግሥቷ የተረፈው ግንቡ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ባለበት መንደርም ከክቡ ውጭ ቆሞ ይታያል፤ ይህም የመንደሩ አሠራር ከቤተ ክርስቲያኑ መታነጽ የሚቀድም እንደ ሆነ ያመለክታል። መንደሮቹ ለምን እንዲህ ክብ ሆነው እንደ ተሠሩ ሊቃውንት ብዙ ተከራክረዋል፤ አንዱ ከብት ለመጠበቅ ነው ይላል፣ ሌላው በ12ኛው ምእተ ዓመት ገዥዎች ሰፋሪ ሲያሰፍሩ በአንድ ፕላን ያደረጉት ነው ይላል። በብዙ የጀርመን ክፍሎች ጥንታዊው የመንደር አሠራር በመንገድና በፋብሪካ ብዛት ሲጠፋ፣ እዚህ ግን ሀብትም ባቡርም ዘግይተው ስለ ደረሱ በርካታ ክብ መንደሮች እስከ ዘመናችን ቆይተዋል።

ከመንደሩም ይልቅ ልብ የሚነካው የልሳኑ ታሪክ ነው። ከኤልበ ማዶ የነበሩት ብዙዎቹ የስላቭ ነገዶች አንዱ ከሌላው በኋላ ቋንቋቸውን ትተው ጀርመንኛ ሲናገሩ፣ የቬንድላንድ ገበሬዎች ግን ፖላብ የሚባለውን የራሳቸውን ልሳን እስከ 18ኛው ምእተ ዓመት ድረስ ጠብቀው ኖሩ። ቋንቋው ግን ክብር አልነበረውም፤ በሉነቡርግና በአካባቢዋ ባሉ ከተሞች የእጅ ሥራ ማኅበሮች አባል የሚሆነው በትውልዱ ጀርመን መሆኑን ያስመሰከረ ብቻ ስለ ነበረ፣ ወጣቱ የአባቱን ንግግር እንደ ውርደት ቆጠረው፤ ሽማግሌዎቹም መዘባበቻ እንዳይሆኑ ፈርተው እናውቃለን ለማለት ያፍሩ ነበር።

ይህ ልሳን ያለ መዝገብ እንዳይጠፋ ያደረገው የቩስትሮ ከተማ ቄስ ክርስቲያን ሄኒግ ነው። ቄሱ በ1649 የተወለደ ጀርመናዊ ሲሆን፣ ምእመናኑ የሚናገሩት ልሳን ከእርሱ በኋላ የሚሰማው እንደማይገኝ አይቶ መዝገበ ቃላት መሰብሰብ ጀመረ። ነገር ግን በ1691 በቩስትሮ የተነሣው እሳት የጻፈውን ሁሉ በላበት። ሌላ ሰው ቢሆን የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብሎ በተወው ነበር፤ እርሱ ግን ከዓመታት በኋላ ሥራውን ከመጀመሪያው ያዘ፤ ክሌኖ ከሚባለው መንደርም ማንበብና መጻፍ የሚችል ዮሐን ያኒሽገ የተባለ ቬንዳዊ ገበሬ አስጠርቶ አብሮት ተቀመጠ። ቄሱ የጀርመንኛውን ቃል ይጠይቃል፣ ገበሬው በአባቶቹ ልሳን ይመልሳል፣ ቄሱም እንደ ሰማው በላቲን ፊደል ይጽፋል፤ እንዲህ እያሉ የቤቱን ዕቃ፣ የማሳውን መሣሪያ፣ የአራዊቱንና የወፉን ስም፣ የጸሎቱን ቃል ሁሉ አንድ በአንድ አሰፈሩ። በ1705 ገደማ የተፈጸመው ይህ መጽሐፍ ዛሬ ስለዚያ ልሳን የሚታወቀው ዕውቀት ዋና መሠረት ነው፤ በእኔ አስተያየትም፣ በአውራጃው ከተሠሩት ግንቦች ሁሉ የበለጠ ክብር የሚገባው ሥራ ይህ ነው።

በዚያው ዘመን በሃኖቨር ቤተ መንግሥት ያገለግል የነበረው ታላቁ ፈላስፋ ላይብኒትስ ስለ ቬንዶች ልሳን አጥብቆ ይጠይቅ ነበር፤ የሕዝቦች ጥንታዊ ታሪክ በቋንቋቸው ውስጥ ተሰውሮ እንደሚገኝ ያምን ነበርና። ይኸው ሰው ስለ ልሳናት ጠባይ ለብዙ ዓመታት ደብዳቤ ይለዋወጥ የነበረው ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋራ መሆኑ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ትርጉም አለው፤ ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ልሳናት ከመካነ ሥላሴው ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረና በ1698 የአማርኛን ሰዋስው በፍራንክፈርት ያሳተመ ነውና። የአባ ጎርጎርዮስ ትምህርትና የቬንዶች ቃላት በአንድ ትውልድ ውስጥ በአንድ የሊቃውንት ማኅበር ዘንድ መሰማታቸው፣ ለልሳን ሊቃውንት ትልቅና ትንሽ ሕዝብ እንዳልነበረ ያሳያል።

ሌላው ምስክር ከሕዝቡ ከራሱ የወጣ ነው። በሱተን መንደር ገበሬና የመጠጥ ቤት ባለቤት የነበረው ዮሐን ፓሩም ሹልትሰ ከ1725 ገደማ ጀምሮ የመንደሩን ዜና መዋዕል ሲጽፍ የአባቶቹንም ቃላት አስገባበት፤ እርሱና በመንደሩ የቀሩት ጥቂት ሰዎች ካለፉ በኋላ ውሻ በቬንዶች ልሳን ምን እንደሚባል እንኳ በቅጡ የሚያውቅ ሰው እንደማይገኝ በሐዘን አመልክቷል። እርሱ በ1740 ሞተ። ልሳኑን ከሕፃንነታቸው ጀምረው ይናገሩ ከነበሩት የመጨረሻዋ እንደ ነበረች የሚነገርላት ኤመረንትስ ሹልትሰ የተባለች ባልቴት ደግሞ በ88 ዓመቷ በ1756 አርፋለች፤ ሞቷም በቩስትሮ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ተጽፏል። የልሳኑ ድምፅ ዛሬ የቀረው በመንደሮቹና በወንዞቹ ስም ላይ ነው።

መሳፍንቱም ቢሆኑ ለአውራጃው አንዳንድ ነገር ትተውለታል። በ1579 በዳነንበርግ የተወለደው መስፍን አውጉስት በሂትሳከር ተቀምጦ ከ1604 ጀምሮ መጻሕፍት ሲሰበስብ ኖረ፤ በ1616ም ስለ ሰንጠረዥ ጨዋታ በብዕር ስም መጽሐፍ አሳተመ። በኋላ ወደ ቮልፈንቡተል ሲዛወር ይዞት የሄደው ስብስብ እያደገ ሄዶ በአውሮጳ ከታወቁት አብያተ መጻሕፍት አንዱ ሆኗል። በ1694 የጋርቶን ርስት የገዛው አንድሬያስ ጎትሊብ ፎን በርንስቶርፍ ደግሞ የሃኖቨር ሚኒስትር ሆኖ፣ ጌታው የእንግሊዝ ንጉሥ ቀዳማዊ ጆርጅ በሆነ ጊዜ አብሮት ለንደን ድረስ ሄዷል፤ ይህን ቤተ ሰብ በኋላ እንደገና እናገኘዋለን። በናፖሊዮን ጦርነት ዘመንም፣ በመስከረም 1813 በጎህርደ ደን በተደረገው ውጊያ፣ ወንድ መስላ በወዶ ዘማቾች ጦር ውስጥ የገባችው ኤሌኦኖረ ፕሮሃስካ ቆስላ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዳነንበርግ ሞታ እዚያው ተቀብራለች።

ስለ አስተዳደሩ ረዘም ያለ ነገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም። የሃኖቨር መንግሥት በ1866 በፕሩሲያ ከተጠቀለለ በኋላ፣ በ1885 በወጣው ሥርዓት ሉኾና ዳነንበርግ ሁለት ልዩ ልዩ አውራጃዎች ሆኑ፤ በ1932 ለወጪ ቁጠባ ሲባል ተጣመሩ። ዛሬ መቀመጫው ሉኾ ሲሆን የመኪናው ታርጋ ግን የዳነንበርግን ስም የሚያሳጥሩትን ሦስት ፊደላት ይዟል፤ ሁለቱ ከተሞች ለየክብራቸው የተካፈሉት ይመስላል። በ1970ዎቹ ዓመታት በታችኛው ሳክሶንያ ብዙ አውራጃዎች ሲጣመሩ ይህ ግን ሕዝቡ እጅግ ጥቂት ሆኖ ሳለ ብቻውን ቀርቷል። ከ2006 ጀምሮ ኤልብታላወ፣ ሉኾና ጋርቶ በሚባሉ ሦስት የወል ወረዳዎች የተከፈለ ሲሆን፣ በሥራቸው 27 ቀበሌዎች ይገኛሉ።

የአውራጃው ከባድ ዘመን የጀመረው በ1945 ነው። በሚያዝያ ወር የተባባሪዎቹ መንግሥታት አየር ኃይል በዶሚትስ ከተማ አጠገብ በኤልበ ላይ የነበሩትን የባቡርና የመኪና ድልድዮች ደበደበ፤ ጦርነቱ ሲያልቅም ወንዙ የሁለት ዓለማት ወሰን ሆነ። ግንቦት 26 ቀን 1952 የምሥራቁ መንግሥት ከድንበሩ 5 ኪሎ ሜትር ድረስ ያለውን ምድር ክልክል ካደረገ በኋላ፣ በመላው ድንበር ከ8,000 በላይ ሰዎችን ከርስታቸው ነቅሎ ወደ መሀል አገር ወሰደ። እስከ ትናንት ድረስ በወንዙ ማዶ ልጁን የዳረ፣ ገበያ የወጣ፣ ዘመዱን የቀበረ ሰው፣ ከዚያ በኋላ የማዶውን የቤተ ክርስቲያን ደወል እየሰማ መሻገር የማይችል ሆነ። ሽናከንቡርግ የምትባለው ትንሽ ከተማ ከሐምቡርግ ወደ በርሊን የሚወጡትና የሚወርዱት መርከቦች የሚፈተሹባት የጉምሩክ ኬላ ሆነች። በአውራጃው ዙሪያ ያሉት የባቡርና የመኪና መንገዶች ሁሉ ተቆርጠው ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ሃኖቨርና ወደ ሐምቡርግ ተሰደደ።

ወሰኑ በወንዙ ውስጥ በየት በኩል እንደሚያልፍም ስምምነት አልነበረም። ምዕራቡ እስከ ማዶው ዳር ድረስ ያለው ውሃ የእኛ ነው ሲል፣ ምሥራቁ ደግሞ ወሰኑ በወንዙ መካከል ነው ይል ነበር፤ በ1966 በጎርሌበን መንደር አጠገብ ወንዙን ሊለካ የወጣ የምዕራብ ጀልባ ከምሥራቅ ጀርመን ጀልባዎች ጋራ ሲፋጠጥ የእንግሊዝ ጦር እስከ ወንዙ ዳር ወጥቶ ነበር። በ1978 የሁለቱ መንግሥታት የወሰን ኮሚሲዮን ሌላውን ድንበር ሁሉ ሲወስን፣ ይህ 95 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው የኤልበ ክፍል ግን ሳይፈጸም ቀረ፤ ክርክሩን ያቆመው የጀርመን አንድነት ብቻ ነው። በማዶው ዳር ያለችው ሩተርበርግ የምትባለው መንደር በአጥር ተከባ፣ ነዋሪዎቿ ወደ ቤታቸው ለመግባት ፈቃድ እያሳዩ ብዙ ዓመት ከኖሩ በኋላ፣ ኅዳር 8 ቀን 1989፣ የበርሊን ግንብ ከመከፈቱ በአንዱ ቀን አስቀድሞ፣ መንደራቸውን ሪፑብሊክ ነው ብለው አወጁ።

ሪፑብሊክ የማወጅ ነገር ግን በወዲህኛው ዳር ቀድሞ ተደርጓል። የካቲት 22 ቀን 1977 የታችኛው ሳክሶንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤርንስት አልብሬክት፣ ከአቶሚክ ኃይል ማመንጫዎች የሚወጣው አደገኛ ቆሻሻ በፋብሪካ የሚጣራበትና በጥልቁ የጨው ዓለት ውስጥ ለዘላለም የሚቀበርበት ስፍራ ጎርሌበን እንዲሆን መመረጡን ገለጡ። ስፍራው ሰው የሚያንስበት፣ በኑሮ የደከመና ከምሥራቁ ድንበር አጠገብ መሆኑ ለምርጫው ያለውን ድርሻ ማንም አላጣውም። በዚህ ጊዜ ለመንግሥት ታዛዥና ወግ አጥባቂ የነበረው ገበሬ ተነሣ። የበርንስቶርፍ ቤተ ሰብ አለቃ የነበረው አንድሬያስ ፎን በርንስቶርፍ ብዙ ገንዘብ ሲቀርብለት በጨው ዓለቱ ላይ ያለውን ደኑን አልሸጥም አለ። በመጋቢት 1979 ገበሬዎች በትራክተር ተሳፍረው እስከ ሃኖቨር ድረስ ተጓዙ፤ በዚያም ወደ 100,000 የሚሆን ሕዝብ ተቀበላቸው፤ በግንቦትም ጠቅላይ ሚኒስትሩ የማጣሪያው ፋብሪካ በፖለቲካ ረገድ ሊፈጸም የማይችል መሆኑን አምነው ተዉት። ሆኖም የጨው ዓለቱ ምርመራ ቀጠለ።

ግንቦት 3 ቀን 1980 ተቃዋሚዎቹ መሰርሰሪያው ሊቆም የነበረበትን ስፍራ ይዘው ከእንጨትና ከሣር ጎጆ ሠሩ፤ ቤተ ጸሎት፣ የራዲዮ ጣቢያና የድንበር ኬላ አበጁ፤ የይለፍ ወረቀትም አተሙ፤ ስሙንም ነጻይቱ የቬንድላንድ ሪፑብሊክ አሉት። ከ33 ቀን በኋላ ፖሊስ መጥቶ ጎጆውን አፈረሰ። ከ1995 እስከ 2011 ደግሞ በ13 ዙር፣ ቆሻሻውን የያዙ ከባድ የብረት ማኅደሮች በባቡር እስከ ዳነንበርግ እየመጡ፣ በዚያም በክሬን ወደ መኪና እየተገለበጡ፣ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ጎርሌበን ይደርሱ ነበር። ገበሬው ትራክተሩን በመንገዱ ላይ ያቆማል፣ ተማሪው በሐዲዱ ላይ ይቀመጣል፣ ሴቶቹ ሌሊቱን ሾርባ እየቀቀሉ ለተቀመጠው ሁሉ ያድላሉ፣ በየቤቱ ደጃፍም ቢጫ ቀለም የተቀባ የእንጨት መስቀለኛ ምልክት ይቆማል፤ የመጨረሻው ጉዞ በኅዳር 2011 ከአምስት ቀን በላይ ፈጅቷል። ከ1989 ጀምሮም ምእመናን በየእሑዱ ለጨው ዓለቱ ምርመራ በተቆፈረው የማዕድን ጉድጓድ አጠገብ በተተከሉት መስቀሎች ሥር እየተሰበሰቡ ጸሎት ሲያደርጉ ኖረዋል፤ በዝናብም በበረዶም አላቋረጡም።

ከድንበሩ መከፈት በኋላ በ1992 በዶሚትስ አዲስ የመኪና ድልድይ ተሠራ፤ አሮጌው የባቡር ድልድይ ግን እንደ ፈረሰ፣ ምሶሶዎቹ በግጦሽ መሬት ላይ ተሰልፈው፣ ሐዲድ ሳይመለስለት ቀርቷል። ሰው ለአርባ ዓመት እንዳይረግጠው የተከለከለው የወንዙ ዳር ለአራዊትና ለአዕዋፍ መጠጊያ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ በ2002 የኤልበ ሸለቆ የተጠበቀ የተፈጥሮ ክልል ተባለ።

በመስከረም 2020 ለቆሻሻው መቀበሪያ በመላው ጀርመን ስፍራ እንዲፈልግ የተሾመው መሥሪያ ቤት፣ የጎርሌበን ጨው ከላዩ ሊሸፍነው የሚገባው የሸክላ ድርብ በበረዶ ዘመን ተሸርሽሮ የሳሳ በመሆኑ ለዚህ ተግባር እንደማይሆን አስታወቀ፤ ይህም ከአርባ ዓመት በፊት አንዳንድ የሥነ ምድር ሊቃውንት የተናገሩት፣ ገበሬዎቹም በየሰልፉ ሲደጋግሙት የኖሩት ነገር ነበር። በ2021 ማዕድኑ እንዲዘጋ፣ የተቆፈረውም ጨው ወደ ጉድጓዱ እንዲመለስ ተወሰነ። 113ቱ የብረት ማኅደሮች ግን እስከ አሁን በጎርሌበን ደን ውስጥ ከመሬት በላይ በተሠራው አዳራሽ ይገኛሉ፤ የአዳራሹ ፈቃድ የሚያልቀው በ2034 ሲሆን፣ የመጨረሻው መቀበሪያ ከዚያ በፊት ስለማይደርስ፣ ፈቃዱ በምን ሁኔታ እንደሚራዘም ከመንግሥት ጋራ መከራከር ዛሬ ለአውራጃው ሸንጎና ለሕዝቡ የቀረ ሥራ ነው።